አንድ ለመቶ ሃያ

ወደ ምድር ቤት ወርጄ መብራቱን ሳበራ፣
በጣቴ ይነጋል ለዚያች ትንሽ አገር፣ ለጀሶው ተራራ።
ጣቢያው ይቀድማል፣ ይከተላል ድልድይ፣
ካርቶን ላይ ቀብቼ ግድግዳ ያስደገፍኩት ደመናማ ሰማይ።

አርባ ዓመት ጠገንኩኝ የእውነቱን ባቡር፣
ግሪሱ ጥፍሬ ውስጥ እስኪሆን እንደ አፈር፤
የዛሬው ሞተሬ መዳፍም አይሞላ፣
በወረንጦ ይዤ መንኮራኩር ሳላላ
ያስነጠሰኝ እንደሁ አለቀልኝ በቃ፣ ተገልብጧል ሁላ።

የእውነቱ ጣቢያ ዛሬ ፀጉር ቤት ሆኗል አሉ፤
ሐዲዱ ተነቅሎ ብስክሌት ይነዳበታል ሁሉ።
እኔ ጋ ግን አሁንም በሰዓቱ ይነሳል፣
ጭሱ ጥጥ ነው፤ ቢሆንም ወደ ኋላ ይነፍሳል።

ወዳጆቼ ሦስት ናቸው።
ሄልማር በሮስቶክ ነው፣ የመርከብ በያጅ፤
ሎታር የሂሳብ መምህር፣ ከቁጥር ጋር ያረጀ ወዳጅ፤
ቪላንድ ባቡር ነጂ፣ ጡረታ የወጣ በዚታው መስመር ላይ።
በአካል የተያየን አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ድሬስደን አደባባይ።
ያስተሳሰረን ሐዲድ ካውራ ጣት አይሰፋም፣
ግን የወሩ ፖስታ፣ በፎቶ የተሞላው፣ አንድም ቀን አይጠፋም።

"ከላይ ያየኸው እንደሁ መጫወቻ ነው፤" ብሎ ጻፈ ቪላንድ፣
"ዝቅ ብለህ እየው፦ አገር ይሆናል፣ አገር ከነመንገድ።"

ስለዚህ ጉንጬን በጀሶ በረዶ ላይ አስተኝቼ፣
ሌንሱን ከጣቢያው ኃላፊ ዓይን እኩል አመቻችቼ
(ቁመቱ ሁለት ጥፍር አይሞላም፤ ጢሙ በመርፌ ጫፍ ተሳለ)
አምፖሉን በዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ጋረድኩት፤ ፀሐዩ ለዘብ አለ።
ብርሃን ማስገቢያውን አጠበብኩ፤ ሩቁ ተራራም ጠራ፣ ድንጋዩ ታየ፣ ያለ የሌለ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… ፎቅ ላይ ሰው ተራመደ፣
የካርቶኑ ሰማይ ራደ።
እንደገና።

ካሜራ ምሕረት አያውቅም፣ ምስክር ነው ጨካኝ፤
መነጽሬ ያለፈውን ሁሉ አስፍቶ አሳየኝ፦
አንድ ነጭ ፀጉሬ ጣቢያው ጣሪያ ላይ ወድቆ
ማዕበል የጣለው ግንድ መስሏል፣ ካጥር እስካጥር ዘልቆ።
በኩል ብሩሽ ጠረግሁት።
እንደገና።

ዐሥራ ሁለት መረጥኩ። ላክሁ። ሳምንት ሳይሞላ መልሱ መጣ።
ሎታር፦ "ሦስተኛው ፉርጎ በዚያ ዘመን የፍሬን እጀታ
አልነበረውም።" ሄልማር፦ "ሰዓቱ ረፋድ ይላል፣ ጥላው የማታ።"
ቪላንድ፦ "ብሎን ጎድሏል፣ በስተግራ፣ ከድልድዩ በታች።"
እውነቱን ነው። ብሎኗ ወድቃ ምንጣፍ ውስጥ ጠፋች።
አልቀየምም።
ጉድለቴን ያገኘ ሰው አጎንብሶ ያየኝ ነው።

ዐሥራ ሦስተኛዋን አስቀርቻት ነበር። ተበላሽታለች።
ዋሻውን ባፉ በኩል ሳነሳ፣ በወዲያኛው ጫፍ
የልጅ ልጄ ስቬንያ፣ መምጣቷን ሳልሰማ ከደጃፍ፣
ዓይኗን ደቅና ነበር፦ ቡናማ፣ እርጥብ፣ ግዙፍ፣
ዋሻውን ሞልታው፣ ሽፋሽፍቷ ጥድ መስሎ፣ ዛፍ በዛፍ።
የጣቢያው ኃላፊ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ባንዲራ እንደያዘ፣
የረፋዱን ባቡር ይጠብቃል፣ በቆመበት እንደፈዘዘ።

በቀጣዩ ወር ግን ፖስታው ቢሳሳብኝ ለሙሌት ከተትኳት።
ሎታር ስለ ፍሬን አላነሳም። ሄልማር ጥላ አልለካም።
ቪላንድ በሚንቀጠቀጥ እጁ፣ በእርሳስ፣ ፊደሉ ወድቆ ተነስቶ፦
"ሠላሳ ዓመት ስነዳ፣ ጨለማው አልቆ ዋሻው አፉን ከፍቶ
ብርሃን ሊውጠኝ ሲል፣ የሚያየኝ ሰው አለ እል ነበር በልቤ።
ለሚስቴም አልነገርኩ። ፎቶዋን ሰቀልኳት፣ ከሥራ ቆቤ
አጠገብ።"

ስቬንያን ጠራሁና ደብዳቤውን አነበብኩላት።
አልሰማችኝም። ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ፣
"አያቴ፣ ይኸው ብሎንህ!" አለች፣ ከጠረጴዛው እግር ሥር አንስታ፣
"ከላይ እያየህ እኮ ነው ያጣሃት።"